የኮምፒዩተር ማሻሻያና የሒሳብ ባለሙያው ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ባለሙያ ሥራ በቢሮ ሰዓት ተጀምሮ በቢሮ ሰዓት የሚያልቅ አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ከተዘጋ በኋላ ባሉት ሳምንታት የብዙ ድርጅቶች ሒሳብ በፍላሽ ተይዞ ወደ ባለሙያው ቤት ይገባል፤ ልጆች ፊልም በሚያዩበትና በሚያጠኑበት ኮምፒዩተር ላይም ይሰፍራል። ባለሙያው አምሽቶ ሒሳቡን አመሳክሮ ሊተኛ ሲል በስክሪኑ ጥግ አንድ አጭር ማስታወቂያ ብቅ ይላል፤ ማሻሻያ መዘጋጀቱን፣ ኮምፒዩተሩም ጠፍቶ እንደ ገና መነሣት እንዳለበት ይገልጻል። ባለሙያው «በኋላ» የሚለውን ተጭኖ ይተኛል። በማግሥቱም እንዲሁ ያደርጋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህች ትንሽ ውሳኔ ምን ያህል ጉዳይ እንዳዘለች መመርመር ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒዩተሩን ክፍሎችና በውስጡ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድር መሪ ፕሮግራም ነው። በሚሊዮን በሚቆጠሩ የትእዛዝ መስመሮች የተጻፈ በመሆኑ ስሕተት አይጠፋውም፤ ከስሕተቶቹም አንዳንዶቹ ሌባ ሊገባባቸው የሚችል ቀዳዳዎች ናቸው። አምራቹ ቀዳዳውን ሲደርስበት መድፈኛ ያዘጋጃል፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የዊንዶውስን መድፈኛዎች በፈረንጆች አቆጣጠር በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ያወጣል። ይህ የደኅንነት ማሻሻያ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ሥሪቱን በሙሉ የሚለውጥ፣ አዲስ መልክና አዲስ አገልግሎት ይዞ የሚመጣ ማሻሻያ ነው። ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩና በአንድ በር ስለሚመጡ ተጠቃሚው አንዱን ፈርቶ ሌላውንም ይተዋል። የብዙው ችግር ምንጭ ይኸው ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ይጋጫሉ። አንዱ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲል ሌላው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። ሁለቱም እውነት መሆናቸውን በየተራ የደረሱ ክስተቶች አስረድተዋል።

መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017) ማይክሮሶፍት፣ ኮምፒዩተሮች በኔትዎርክ ፋይል በሚለዋወጡበት ክፍል ለተገኘ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ። ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ ቀዳዳ መጠቀም የሚያስችል፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ድርጅት ያፈተለከ መሣሪያ በይፋ ተበተነ። ግንቦት 4 ቀን ደግሞ ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በዚሁ ቀዳዳ ገባ። ተጠቃሚው አንድም ፋይል እንዲከፍትለት አላስፈለገውም፤ ካልተደፈነ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ራሱ እየተሻገረ የባለቤቶቹን ሰነድ ቆለፈና ለመክፈቻው 300 የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ጠየቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮች ተጠቁ። በእንግሊዝ ከ236 የመንግሥት የጤና አገልግሎት ተቋማት ቢያንስ የ81ዱ ሥራ ታወከ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የሕክምና ቀጠሮዎችም ተሰረዙ። ይህ ሁሉ የሆነው መድፈኛው ከወጣ ከ59 ቀናት በኋላ ነው።

ከዚህ ክስተት የሚገኘው ዋና ትምህርት የሚከተለው ነው፤ መድፈኛ ሲወጣ ቀዳዳው ያለበት ስፍራ አብሮ ይታወጃል። የሒሳብ ባለሙያ ሁለት መዝገቦችን አመሳክሮ ልዩነቱን እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ጥፋት የሚያስብ ሰውም ያልታረመውንና የታረመውን ፕሮግራም አመሳክሮ የተለወጠውን ያያል፤ ከዚያም ተነሥቶ ያልተደፈነውን ቤት ደጃፍ ያገኛል። ስለዚህ ማሻሻያውን ያዘገየ ሰው ትናንት በነበረበት ቦታ አይቆይም፤ አደጋው በየቀኑ እየጨመረ ይሄዳል።

የችኮላም ጉዳት በበኩሉ አልታጣም። መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2018) ማይክሮሶፍት 1809 የተባለውን የዊንዶውስ 10 አዲስ ሥሪት አወጣ። ሥሪቱ ለሁሉም ከመዳረሱ በፊት በገዛ ፈቃዳቸው ፈልገው ከጫኑት መካከል አንዳንዶቹ ሰነዶቻቸውና ፎቶግራፎቻቸው ተደምስሰው አገኙ። ኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሞ፣ ስሕተቱን አርሞ ኅዳር 4 ቀን እንደ ገና አወጣው። ጉዳት የደረሰባቸው ከጠቅላላው ተጠቃሚ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ነገር ግን ቅጂ ላልያዘ ሰው የመቶኛው ማነስ መጽናኛ አይሆነውም። የደኅንነት ማሻሻያም ቢሆን ሁልጊዜ እንከን የለሽ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 የወጣው ወርኃዊ ማሻሻያ በአንዳንድ ፕሪንተሮች ላይ ሊታተም ሲል ኮምፒዩተሩን ከሥራ ያቋርጥ ነበር።

የመጀመሪያው ጉዳት የደኅንነት ማሻሻያን ከማዘግየት፣ ሁለተኛው በሥሪት ለውጥ ከመቸኮል የመጣ ነው። ስለሆነም ሊጠየቅ የሚገባው የትኛው ማሻሻያ፣ መቼ፣ ምን ከተዘጋጀ በኋላ እንደሚጫን ነው።

በኢትዮጵያ የሚሠራ ባለሙያ ማሻሻያን የሚሸሽባቸው ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ። ኢንተርኔት በልክ ተቆጥሮ በሚገዛበት ቤት አንድ የሥሪት ለውጥ የሚፈጀው ጊጋባይት የሳምንቱን ጥቅል ሊጨርስ ይችላል። በመጫን ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ኮምፒዩተሩ ላይነሣ ይችላል። የተለመደው የቆየ የፒችትሪ ሥሪትም በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ አልሠራም ሊል ይችላል። መጥቀሱ ደስ ባይልም፣ ያለ ፈቃድ በተባዛ ዊንዶውስ የሚሠሩ ጥቂት አይደሉም፤ የጫነላቸው ሰው ማሻሻያውን ዘግቶት ከሄደ ባለቤቱ ለዓመታት አንድም መድፈኛ ሳያገኝ ይኖራል። ምክንያቶቹ እውነተኞች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ማሻሻያው በምን ሁኔታ እንደሚጫን ይወስናሉ እንጂ ጨርሶ እንዲቀር አያደርጉም።

እንግዲህ ሊከተሉት የሚገባው ሥርዓት ቀላል ነው። በመጀመሪያ፣ ከማናቸውም ማሻሻያ በፊት የመዝገቡ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይያዝ፤ ቅጂው ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጥ፤ ዲስኩም ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ ዋናክራይን የመሰለ ፕሮግራም የተሰካውን ዲስክ ሁሉ ይቆልፋልና። ሁለተኛ፣ የደኅንነት ማሻሻያ ሌሎች ምን እንደ ገጠማቸው ለማየት ጥቂት ቀናት ቢታለፍ ከሳምንት ግን አይለፍ፤ ቀዳዳው ጥቃት እየደረሰበት መሆኑ ከተነገረ በዕለቱ ይጫን። ሦስተኛ፣ የሥሪት ለውጥ ሒሳብ ከሚዘጋበት ወቅት ውጭ፣ የሒሳቡ ፕሮግራም በአዲሱ ሥሪት ላይ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ይፈጸም። አራተኛ፣ ሥራው ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ወይም በዩፒኤስ ይሁን፤ መስመሩ በልክ የሚከፈልበት ከሆነም ይኸው በኮምፒዩተሩ ላይ ተመልክቶ፣ ማሻሻያው ርካሽ መስመር በተገኘበት ቀን ይውረድ።

የአምራቹ ድጋፍ ያበቃለት ኮምፒዩተር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል፤ ለተወሰነ ጊዜ በልዩ ምዝገባ ከሚገኘው በቀር አዲስ መድፈኛ አይወጣለትም። የደንበኛ ሒሳብ የሚያዝበት ኮምፒዩተር ድጋፍ ወዳለው ሥሪት መሸጋገር አለበት። ለአሮጌ ፕሮግራም ሲባል ባለበት የሚቆይ ከሆነ ከኢንተርኔትና ከኔትዎርክ ተለይቶ ይሥራ፤ የሚሰካበትም ፍላሽ አስቀድሞ ይመርመር።

የተከበራችሁ አባላት፤ ባለሙያው የራሱን ፎቶግራፍ ቢያጣ ጉዳቱ የራሱ ነው። የደንበኛው መዝገብ ግን አደራ ነው፤ ቢቆለፍ ወይም ቢጠፋ ግብሩን ማስታወቅ የሚሳነው ነጋዴ፣ ደመወዙ የሚዘገይበት ሠራተኛ በዚያ ሌሊት ውሳኔ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ማስታወቂያው እንደ ገና ብቅ ሲል «በኋላ» ማለት አይከለከልም። ይሁን እንጂ ዕዳ ሲመዘገብ የመክፈያው ቀን አብሮ መጻፉ የተለመደ ነው፤ የ«በኋላ»ም ቀኑ ይጻፍ።