በሳማና በአሉማ ቅጠል ውስጥ ስላለው ማዕድን



እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ዛሬ ስለ ሳማ ልንናገር ተነሥተናል። የሚስቅ ቢኖር አንቀየምም፤ በልጅነቱ ያልተለበለበ የለምና። ነገር ግን በደጋው አገር እህል በሚያጥርበት በክረምት ወራት እናቶች ቅጠሉን በጨርቅ ይዘው እየቀነጠሱ፥ ቀቅለው ቤተ ሰብ ያበሉበታል። ሊቃውንት ኡርቲካ ሲሜንሲስ ያሉት ስሙን ከስሜን ወስደው ነው። አሉማም እንደዚሁ ከማሳ ዳር ተለቅሞ ይበላል።

እነዚህ ቅጠሎች ካልሲየም፥ ብረትና ዚንክ ይሰጡናል። ሆኖም ሥር ከመሬት የሚስበው የሚጠቅመንን ብቻ አይደለም፤ እርሳስና ካድሚየም የተባሉት ከባድ ማዕድኖችም አብረው ይመጣሉ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። ካድሚየም ኩላሊትን ያበላሻል። በጃፓን አገር በጂንዙ ወንዝ አጠገብ፥ ከማዕድን ማውጫ በወረደ ካድሚየም የተበከለ ሩዝ የበሉ ሰዎች አጥንታቸው እየተሰበረ ተሠቃይተዋል፤ የበሽታውንም ምክንያት መንግሥታቸው በ1968 እ.ኤ.አ. አምኖ ተቀብሏል።

ታዲያ በዓይን የማይታየው እንዴት ይለካል? ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ በምድጃ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ እጅግ ካለፈ እርሳሱና ካድሚየሙ ተንነው ሊያመልጡ ይችላሉ። አመዱ በናይትሪክ አሲድ ሟሙቶ ወደ ነበልባል ይረጫል፤ ከሚፈለገው ማዕድን የተሠራ መብራትም በነበልባሉ ውስጥ ብርሃኑን ያሳልፋል። ማዕድኑ የራሱን ብርሃን ይውጣል፤ ከተዋጠውም ብርሃን መጠኑ ይታወቃል። ይህን ዘዴ አላን ዋልሽ በአውስትራልያ ሆኖ በ1955 እ.ኤ.አ. አሳተመው። እጅግ ጥቂት ለሆነው እርሳስ ግን በነበልባሉ ፋንታ የግራፋይት ምድጃ ይሻላል።

እንደ እኛ አስተያየት ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው ከእርሱ በፊት ያለው ሥራ ነው። ቅጠሉ ሳይታጠብ ቢለካ የሚገኘው ብረት የአፈሩ እንጂ የቅጠሉ አይደለም፤ በአውድማ የተወቃ ጤፍ ብረቱ በዝቶ የታየው አንድም በዚሁ ምክንያት ነው። በብረት ሙቀጫ የወቀጠውማ ሙቀጫውን ለካ ማለት ነው! ደግሞም ሚዛኑ የእርጥብ ይሁን የደረቅ መጻፍ አለበት። ለቅጠላ ቅጠል በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ የተወሰነው እርሳስ በአንድ ኪሎ እርጥብ ቅጠል 0.3 ሚሊግራም፥ ካድሚየሙ 0.2 ሚሊግራም ነው። ከመቶ 85 እጁ ውሃ የሆነ ቅጠል ደርቆ በኪሎ 2 ሚሊግራም እርሳስ ቢገኝበት፥ በእርጥቡ 0.3 ይሆናል፤ ስለዚህ ልኩ ላይ ደርሷል እንጂ ሰባት እጥፍ አላለፈም።

ወላጆቻችን ሆይ፥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን በአፍሪካ ከሰሐራ በታች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቢቀርም፥ በመንገድ ዳር አፈር ላይ የወደቀው እርሳስ አልጠፋም። በአቧራ መጥቶ ቅጠሉ ላይ ያረፈውን መታጠብ ይቀንሰዋል፤ በሥር የገባውን ካድሚየም ግን ማጠብ አያስወጣውም፥ እሳትም አያጠፋውም። ስለዚህ ከአውራ ጎዳና፥ ከጋራዥና ከፋብሪካ ፍሳሽ ርቆ የበቀለውን ብትለቅሙልን እንወዳለን።

ለክበባችንም ከየሰፈሩ ሳማና አሉማ በወረቀት ከረጢት ላኩልን። በከረጢቱ ላይ የተለቀመበትን ቀንና ቦታ፥ ከመንገዱም ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ጻፉበት።