ስለ ላብ መብዛት፤ ምልክቱንና ሕክምናውን ስለ ማወቅ



ላብ ለሰው ሰውነት የተሰጠ ማቀዝቀዣ ነው። በሲሪንቃ ማሽላ በሚታረምበት ወራት፥ ፀሐይዋ ስትበረታ፥ የገበሬው ገላ በላብ ባይርስ ኖሮ የውስጡ ሙቀት መውጫ አጥቶ ሰውየውን በጣለው ነበር። በሰው ቆዳ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ ጥቃቅን የላብ ዕጢዎች አሉ፤ ከነርሱ የሚወጣው ውሃ በገላ ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሠርቶ ማላብ ደዌ አይደለም፤ የወጣውን ውሃ በመጠጥ መተካት ብቻ ይበቃል።

ነገር ግን ሙቀትም ሥራም ሳይኖር ላቡ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ዓይነቱም ሁለት ነው።

አንደኛው በራሱ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምራል፤ መዳፍን፥ የውስጥ እግርን፥ ብብትን፥ አንዳንድ ጊዜም ፊትን ይይዛል። በቀኝና በግራ እኩል ይታያል፤ ሰውየው ሲተኛ ይቆማል፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድበትም ጊዜ አለ። ምክንያቱም ላብን የሚያዝዙት ነርቮች ከሚገባው በላይ ማዘዛቸው ነው እንጂ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ይህን አለማወቅ በትምህርት ቤት በደል ያመጣል። ደብተሩ በመዳፉ ላብ የራሰበት ልጅ ጽሕፈቱ ስለ ተበላሸ እንደ ሰነፍ ይቈጠራል፤ ወደ ሰሌዳ ወጥቶ ጠመኔው በእጁ ውስጥ ሲርስ ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ ታላላቆቹን እጅ ለመንሣት ያፍራል፤ በመጨረሻም ከትምህርት ይቀራል። አስተዋይ መምህር ግን ልጁን በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ይጠይቀዋል፤ ከእጁ በታች የሚያነጥፈው ንጹሕ ጨርቅም ይፈቅድለታል።

ሁለተኛው የሌላ በሽታ መልእክተኛ ነው። ይህኛው ገላን በሙሉ ያረጥባል፥ ሌሊት ከእንቅልፍ ያነቃል፥ ወይም በጎልማሳነት ድንገት ይጀምራል። የሌሊት ላብ፥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሳልና ከመክሳት ጋር ቢገኝ የሳንባ ነቀርሳ ያስጠረጥራል። ብርድ አንቀጥቅጦ፥ ትኩሳት አንድዶ፥ ኋላ በላብ የሚያጠምቅ ከሆነ ወባ ሊሆን ይችላልና ደም ይመርመር። ልብ እየመታ፥ እጅ እየተንቀጠቀጠ፥ ሰውነት እየከሳ ቢያልብ የእንቅርት ዕጢ ሥራውን አብዝቶ እንደ ሆነ ይታያል። የወር አበባቸው በሚቋረጥበት ዕድሜ ያሉ ሴቶችም፥ አንዳንድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ያልባቸዋል።

ጊዜ የማይሰጥ ላብም አለ። ደረቱን ጨንቆት ቀዝቃዛ ላብ የሚያልበው ሰው የልብ ሕመም ሊሆንበት ይችላልና ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የስኳር በሽተኛ መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ቢቆይና እየተንቀጠቀጠ ቢያልበው፥ አእምሮው ሳይስት ስኳር ወይም ማር በውሃ ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም ያድርሱት።

በራሱ ለሚመጣው ላብ የመጀመሪያው ሕክምና ቀላል ነው። ገላን በየቀኑ ታጥቦ ማድረቅ፥ የጥጥ ልብስ መልበስ፥ ካልሲን በየቀኑ መለወጥ፥ እግርን አየር ማስነካት ይረዳል፤ ርጥብ እግር በጫማ ውስጥ ይሸታል፥ ይቈስላልና። ሐኪም ሲያዝዝ የአልሙኒየም ክሎራይድ ፈሳሽ ማታ በደረቀ ቆዳ ላይ ይቀባል፥ ጠዋትም ይታጠባል፤ በቈሰለ ወይም በተላጨ ገላ ላይ ግን አይደረግም። ይህ ካልበቃ የሚዋጥ መድኃኒት፥ መርፌ፥ በውሃ ውስጥ የሚያልፍ ቀላል የኤሌክትሪክ ኃይልም አለ። የቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው፤ የመዳፉ ላብ ሲቆም በጀርባና በሆድ ሊበዛ ይችላልና። የሚያቃጥል ቅጠል መቀባት ቆዳን ከማቍሰል በቀር አይጠቅምም።

እንግዲህ ሽማግሎች በሰፈራቸው ሌሊት በላብ የሚርሰውንና የሚያስለውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ፥ ሲያስፈልግም ወደ ወልድያ ሆስፒታል እንዲሄድ ይምከሩት። የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ በጊዜ የተጀመረ ሕክምናም በሽተኛውን ያድናል፥ ቤተ ሰቡንም ይጠብቃል። መምህራንም መዳፉ የሚርሰውን ልጅ ከመሣቂያነት ያድኑት፤ እጁ ቢያልበውም ብዕር ይይዛልና።