ዕቃ ሳይዙ ስለመሸጥ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን በዚህ ጉዳይ እንድናገር ስትጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ከዚህ ሥራ ገንዘብም አግኝቻለሁ፣ እንባም አፍስሻለሁ፤ የቱን እንደማስቀድም አላወቅኩም። ግን ብድር ኮሚቴው ዘንድ ከወጣት አባሎቻችን የቀረቡ አራት ማመልከቻዎች አሉ፤ አራቱም በቴሌግራም መሸጥ እንፈልጋለን የሚሉ ናቸው። የሚበደሩት የእኛኑ ቁጠባ ነውና ዝም ማለቱን ተውኩት።

ፈረንጆቹ ድሮፕ ሺፒንግ ይሉታል። ሻጯ ዕቃውን አትገዛም፣ አታከማችም። ፎቶውን ትለጥፋለች፤ ደንበኛ ሲያዝ የዕቃው ባለቤት በቀጥታ ለደንበኛው ይልካል፤ የዋጋው ልዩነት የእሷ ነው። እዚያ ከኋላ የተቀመጡት እናታችን «ታዲያ አየር በአየር ንግድ በሉት!» ሲሉ ሰማሁ። ልክ ብለዋል። አዲስ የሆነው ስልኩ ነው።

እኔ የጀመርኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ ልጄ ጡት አልጣለችም፤ ሱቅ ልከራይ ብል የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ተጠየቅኩ። መርካቶ ጫማ በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ዘንድ ሄጄ ፎቶ ላንሳ አልኩት፤ «አንሺ፣ ማን ከለከለሽ» አለኝ። ያወጣሁት ለስልክ ጥቅል የከፈልኩትን ብቻ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ብዙ ተማርኩ። ተረከዝ ያለውን ጫማ ሁሉም «ሲያምር!» ይላል፣ ማንም አይገዛም። የሚሄደው ዝርግ ጫማ ነው፣ ቁጥሩም 38 እና 39። ይህን ሳላውቅ ብር ይዤ ገብቼ ቢሆን ኖሮ ቤቴ ዛሬ ድረስ በተረከዝ ጫማ ይሞላ ነበር። የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው፦ ገበያውን በሰው ዕቃ መማር።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልምጣ፤ ማመልከቻዎቹ ላይ ያላየሁት እሱን ነውና። ጫማው በጅምላ 1,800 ብር ነው እንበል፤ እኔ 2,300 እለጥፈዋለሁ። በአንድ ጥንድ 500 ብር አተርፋለሁ፤ ለአሥር ጥንድ 5,000 ብር። ያምራል። ግን ከአሥሩ ሁለቱ ይመለሳሉ። አንዷ ጠበበኝ ትላለች፣ አንዷ ስልኳን ዘግታ ሞተረኛው በሯ ላይ ይቆማል። ስለዚህ የሸጥኩት ስምንት ነው፣ 4,000 ብር። ለተመለሱት ሁለቱ የሞተር መሄጃና መመለሻ በየአንዳንዳቸው 400፣ በድምሩ 800 ብር ከኪሴ ይወጣል። 3,200 ቀረኝ። ነጋዴው አንዱን ጥንድ «ተለክቷል፣ አልመልስም» ካለ 1,800 ይቀነሳል። የቀረው 1,400 ብር ነው፤ የኢንተርኔቱ ሂሳብ ገና አልተነሳም። እና ያቺ ጫማ አልጋ ሥር ትቀመጣለች። ዕቃ አልያዝኩም ያልኩት ሴት ባለ ዕቃ ሆንኩ።

ውጭ አገር ያለው አሠራር እዚህ እንዳለ የማይሠራበት ምክንያትም አለ። እዚያ ገዢው በካርድ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሻጯ በዚያ ገንዘብ ለአቅራቢው ትከፍላለች። እዚህ ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ መክፈሉ ቀሏል፤ ነገር ግን ደንበኛ ዕቃውን በእጁ ሳይዝ ብር መላክ ይፈራል። አልፈርድበትም፤ ስንቱ ተበልቷል። ስለዚህ ለነጋዴው የምትከፍለው ሻጯ ናት። «ያለ መነሻ ገንዘብ» የሚባለው ማስታወቂያ ላይ ነው። አሜሪካ ላሉና በዚህ ጋዜጣ ለሚከታተሉን እህቶቻችንም ነገሩ ጠብቋል፦ ከቻይና በቀጥታ የሚመጣ ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 ላይ ቀርቷል።

እንባ ወዳልኩት ልሂድ። አንዲት ደንበኛዬ ለእህቷ ሠርግ ነጭ ጫማ አዘዘችኝ። ነጋዴውን ደውዬ ጠየቅኩት፣ «አለ» አለኝ። ቅዳሜ ማታ የላከው ክሬም ነበር፤ ነጩ ለካ ሐሙስ አልቋል። ሠርጉ እሑድ ነው። ጫማው የነጋዴው ነው፣ ስድቡ ግን የእኔ ሆነ። ቻናሌ ላይ የጻፈችውን አሁንም አልረሳሁትም። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው ያኔ ገባኝ። በሕግም ቢሆን አያስመልጥም፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። የሚጠይቀው ደግሞ የሸጠለትን ነው።

በኋላ ስለ አንድ የአሜሪካ ጫማ ሻጭ፣ ስለ ዛፖስ፣ አነበብኩና ተጽናናሁ። መሥራቹ በ1999 እንደ እኔው ሰፈሩ ካሉ ሱቆች ጫማ ፎቶ እያነሳ ነበር የሚለጥፈው፤ ሲታዘዝ ሄዶ ገዝቶ ይልካል። ድርጅቱ ሲያድግም ብዙውን አቅራቢዎች በቀጥታ ይልኩ ነበር። በ2003 ግን፣ ከገቢው ሩብ ያህሉ ከዚያ የሚመጣ ሆኖ ሳለ፣ ደንበኛ በሌላ ሰው ስህተት እየተቀየመብን ነው ብለው ተዉት፤ ሁሉንም ከራሳቸው መጋዘን መላክ ጀመሩ። በ2009 አማዞን ገዛቸው። እኛ መጋዘን የለንም፤ እኔ ግን አሁን በደንብ የሚሄዱትን አራት ዓይነት ጫማዎች በ38 እና በ39 ብቻ ቤቴ አስቀምጣለሁ። ሌላውን ዛሬም በሰው ዕቃ ነው የምሸጠው፤ ከመለጠፌ በፊት ግን ጠዋት ደውዬ መኖሩንና ዋጋውን አረጋግጣለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ የጅምላ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሲለወጥብን አይተናል፤ በትናንት ዋጋ ቃል ገብቶ በዛሬ ዋጋ መግዛት ማለት ከኪስ መጨመር ነው።

አራቱን ማመልከቻዎች በተመለከተ ሐሳቤ ይህ ነው። አንከልክላቸው። ግን ለማስታወቂያና ለአዲስ ስልክ ብለው የጠየቁትን አንስጥ። መጀመሪያ ሁለት ወር በሰው ዕቃ ሸጠው፣ የሸጡትንና የተመለሰባቸውን በደብተር ጽፈው ያምጡ። ደብተሩን አይተን፣ የሚሄደውን ዕቃ ጥቂት ገዝተው እንዲያስቀምጡ እናበድራቸው፤ ከብድሩም ትንሽ ለተመላሽ ዕቃ ብቻ የሚነካ ሆኖ ተለይቶ ይቀመጥ። አንዷ ልጅ በማመልከቻዋ «ኪሳራ የለውም» ብላ ጽፋለች። እሷን ከስብሰባው በኋላ እኔ ዘንድ ላኩልኝ፤ አልጋ ሥር ያለችውን ጫማ አሳያታለሁ። ቁጥሯ 36 ነው፣ የምትሆናት ካለች በመጣችበት ዋጋ እሸጥላታለሁ።