ገበሬው ለከተማው ፕላን ባዕድ አይሁን

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከአንድ አባል የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዞንና የከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች፣
የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ አባላት፣



ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ድንች ገበያ ሌሎች ተናግረዋል። እኔ ደግሞ ይህ ሁሉ ስለሚያርፍበት መሬት ልናገር። ማሳዬ ያለው ከደብረ ታቦር ዳር ነው። ልጅ ሳለሁ ከተማውን ከሩቅ እናየው ነበር። ዛሬ ቤቱና ገብሱ ወሰን ይጋራሉ።

የከተማው ማደግ አያስከፋንም። ደብረ ታቦር በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 22,455 ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 55,596 ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል። በኪራይ ቤት ከሚቸገሩት ውስጥ የእኛው ልጆች አሉበት። ሰው ቤት ይሻል፤ ቤትም መሬት ይሻል።

ሆኖም ሕጉን እንወቅ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455፣ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፣ ከንብረት ካሳው ሌላ፣ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 እንዲባዛ ደነገገ። ይህ መልካም ነው። በሌላ በኩል በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የተደነገገው ዘመን 99 ዓመት ነው። የ15 ዓመት ገቢ በእጁ ይዞ የ99 ዓመት መሬት የሚለቅ አባወራ፣ ብሩን ምን ላይ እንደሚያውለው አስቀድሞ ካላሰበ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን ያስቀራል።

ከዚህ የከፋውን በቤተሰቤ አይቻለሁ። ወንድሜ አንድ ጥማድ መሬት በውስጥ ውል ሰጠ። ቤቱ በሌሊት ተሠራ። ኋላ ቦታው በፕላኑ ላይ መንገድ ሆኖ ተገኘና ፈረሰ። ገዢው ቤቱን አጣ፤ ወንድሜም ካሳ አላገኘም፤ ብሩም ለሠርግ ወጥቶ አልቋል። ዛሬ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ውይይቱ ከከተማው አዳራሽ አልፎ እስከ ገጠር ቀበሌያችን ይምጣ፤ ጥሪው በማኅበራችን በኩል ይተላለፍ፤ ቀኑም ከአጨዳ ሰሞን ውጭ ይሁን። እኛም «የከተሜ ጉዳይ ነው» ብለን አንቅር።

ሁለተኛ፣ ቤት ከመሃል ከተማው ክፍት ቦታና ከጭንጫው ይጀመር፤ ከተቻለም ወደ ላይ ይሠራ። በመስኖ የሚለማው ማሳና የወንዝ ዳር በፕላኑ ላይ በአረንጓዴ ይከለሉ። ከጉና የሚነሡት ጉማራና ርብ ወርደው ጣናን ይመግባሉ፤ ዳርቻቸውን ማጥበብ የታችኛውንም ገበሬ ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ ካሳ የሚቀበል አባል ብሩን በቁጠባና ብድር ማኅበር ያስቀምጥ። ለአንድ ሰው የማይበቃው ካሳ ሲደመር ወፍጮ፣ መጋዘን ወይም የወተት ላም በረት ይሆናል። ማኅበር የተቋቋመው ለዚህ ነው።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ከተማውን የሚያበላው ይኸው በዙሪያው ያለው ማሳ ነው። ፕላኑን ስትዘረጉ ገበሬውንም ከወረቀቱ አጠገብ አስቀምጡት።