ከአልኮል ሱስ ማገገምና የእኛ ድርሻ



ስለ አልኮል ሱስ ሲነሣ አብዛኞቻችን ቀድመን የምንጠይቀው «ለምን አይተወውም?» ብለን ነው። ጥያቄው ነገሩ ሁሉ በፈቃድ ጥንካሬ ብቻ የሚወሰን ያስመስለዋል። እኔ ግን መጠጥ ማቆምና ሳይጠጡ መኖር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን፣ ሁለተኛውም የእኛ ጭምር ሥራ መሆኑን ላስረዳ እወዳለሁ።

አልኮል በአንጎል ውስጥ የሚያረጋጉ መልእክቶችን ያበረታል፤ የሚያነቃቁትን ያዳክማል። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው አንጎል ይህን ለማካካስ ራሱን በተቃራኒው ያስተካክላል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ሚዛኑ ይናጋል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በአንዳንዶች ላይ መንዘፍዘፍና ቅዠት ይከተላል፤ ይህም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ቤት ዘግተን «ዛሬውኑ አቁም» ልንለው አይገባም፤ ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን።

የመጀመሪያው ሥራ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ያልፋል። ሁለተኛው ዓመታትን ይጠይቃል፤ አንጎል መጠጡን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን፣ ቦታውንና አብሮ ጠጪውን ጭምር ያስታውሳልና። በአገራችን ደግሞ ጠላው፣ ጠጁና አረቄው ከመሸታ ቤት አልፈው በሠርጉም በክርስትናውም በዓመት በዓሉም ይቀርባሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል። በየቤታችን የሚሰማውን «በሞቴ!» ግን አዋጅ አይደርስበትም።

ይህን የምለው ከራሴ በደል ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት በፋሲካ ዕለት አንድ ወዳጄ ቤቴ መጣ። መጠጥ ካቆመ ሰባተኛ ወሩ እንደ ነበር አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ «ይቅርብኝ» አለኝ። እኔ ግን እንግዳዬን ሳልቀዳለት መሸኘት ነውር መስሎኝ፣ «በዓል አይደል? አንዲት ብርጭቆ ብቻ፣ በሞቴ» አልሁት። ጠጣ። በዚያው ሳምንት ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ዳግም ለማቆም ሁለት ዓመት ፈጀበት። ሱሱን እኔ አልፈጠርሁትም፤ በሩን ግን እኔ ከፈትሁለት።

ማገርሸት የክፉ ጠባይ ማረጋገጫ አይደለም። ያገረሸበትን ሰው ከመውቀስ ይልቅ ምን፣ የት፣ ከማን ጋር እንዳገረሸበት አብሮት መመርመር ይጠቅማል። አምሮት እንደ ማዕበል ይነሣል፤ ቢታገሡትም ይበርዳል። ያችን ሰዓት ለማለፍ የሚደወልለት ሰው፣ ፈጥኖ የሚወጡበት ምክንያት፣ ከመጠጥ የራቀ ውሎ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክሮን ከተማ የተመሠረተው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር የተጀመረውም ሁለት የመጠጥ ሱሰኞች እርስ በርስ በመደጋገፋቸው ነው።

ዛሬ ያ ወዳጄ ቤቴ ሲመጣ ቡና ይፈላለታል፤ የማይጠጣበትን ምክንያትም ማንም አይጠይቀውም። ከእናንተም የምለምነው ይህንኑ ነው፤ «ይቅርብኝ» ያለን ሰው አንዴ ሲናገር እንስማው።