ዳንቴልና ላስቲክ በልብስ ስፌት ላይ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)

 

ቡናው እስኪፈላ ስለ ስፌት ትንሽ ንገሪን ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ። የማወራችሁ ስለ ሁለት ትናንሽ ነገሮች ነው፤ ስለ ዳንቴልና ስለ ላስቲክ። ትንሽ ናቸው ብላችሁ አትናቋቸው። እኔ ንቄአቸው ደንበኛ አጥቻለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ጭሮ ለአንድ ሠርግ ከድሪያ ሥር የሚለበሱ ስድስት የውስጥ ጉርዶች ታዘዝኩ። ድሪያ ሲለበስ ከሥሩ ብቅ የሚለው የጉርዱ ጠርዝ ራሱ ጌጥ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጥጥ ዳንቴል ገዛሁና ሳላጥበው ሰፋሁት። ለሠርጉ አማረ። አንዴ ሲታጠብ ግን ጨርቁ ባለበት ቀረ፣ ዳንቴሉ ገባ፣ ጠርዙ ሁሉ ተጨማደደ። የሙሽራዋ እናት አልተቆጡኝም፤ ዝም ብለው ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄዱ። የተቆጣ ደንበኛ ይመለሳል፤ የማይመለሰው ዝም ያለው ነው። መኪናዬን የገዛሁት ከማኅበራችን ተበድሬ ስለነበር የዚያን ወር ዕዳ የከፈልኩት ከልጆቼ ጉርስ ቀንሼ ነው።

ስለዚህ የጥጥ ዳንቴል ከመሰፋቱ በፊት ለብ ባለ ውኃ ይነከር፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ጨርቁም ጥጥ ከሆነ እንዲሁ። የናይለን ዳንቴል ውኃ አያስገባውም፤ የጋለ ካውያ ግን ያቀልጠዋል። ስስ ጨርቅ ደርባችሁበት ለብ ባለ ካውያ ተኩሱት። ስትሰፉ ደግሞ ዳንቴሉን አትጎትቱ፤ ተለጥጦ ከተሰፋ ሲሰበሰብ ጨርቁንም ይዞ ይሰበሰባል። ሽብሽብ ከፈለጋችሁ አንድ ተኩል እጥፍ ቁረጡ፤ ለ2 ሜትር ጠርዝ 3 ሜትር ዳንቴል ማለት ነው።

ወደ ላስቲክ ልምጣ። ላስቲክ ከወገብ ልክ ማነስ አለበት። ወገቧ 60 ሳንቲም ለሆነ ልጅ ከ54 እስከ 56 ሳንቲም ጀምሩ፤ ጫፍና ጫፉ ለሚደራረብበት 2 ሳንቲም ጨምሩ። የላስቲክ ጥንካሬ ግን ይለያያልና ሳትቆርጡ ልጅቷ ወገብ ላይ አዙራችሁ ሞክሩ። ሁለት ጣት በቀላሉ ካልገባ ጠብቋል። ልጅ ጠበበኝ ብላ ላትናገር ትችላለች፤ ማታ ስታወልቅ ወገቧ ላይ የሚታየው ቀይ መስመር ይናገራል።

የብዙዎቻችን የእግር መኪና ቀጥ ያለ ስፌት እንጂ ዚግዛግ አይሰፋም። ላስቲክን ለጥጣችሁ በቀጥታ ስፌት ጨርቁ ላይ ብትሰፉት፣ ልብሱ ሲለበስ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ክሩ ግን አይለጠጥም፤ ይበጠሳል። መፍትሔው ጨርቁን አጥፎ ለላስቲኩ ቤት መሥራት ነው። ላስቲኩ 1 ሳንቲም ስፋት ካለው ቤቱ 1 ሳንቲም ተኩል ይሁን። በመርፌ ቁልፍ አስገቡት፣ እንዳይጠማዘዝ እያያችሁ አዙሩት፣ ጫፎቹን ደርባችሁ ሁለት ሦስቴ ደጋግማችሁ ስፉ። የቀረችውን ቀዳዳ በእጅ ዝጓት። ላስቲክ ከጨርቁ ቀድሞ ያረጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ያልመዋል። ቀዳዳዋ በእጅ ከተዘጋች ግን በትንሽ ጊዜ አዲስ ይገባል፣ ልብሱም አይጣልም።

አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። እዚያ የሚሰፉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ያ ድምፅ ከእኛም ቤት፣ ከሂርናም ከገለምሶም ከበዴሳም ሴቶች ቤት ይሰማ እላለሁ። ዳንቴሉንስ ለምን ሁልጊዜ ከነጋዴ እንገዛለን? እዚህ የተቀመጡት እናቶች ለሬዲዮና ለወንበር ልብስ በኪሮሽ ዳንቴል ሲሠሩ ኖረዋል። እነሱ ይሥሩ፣ እኛ እንግዛቸውና ጠርዝ ላይ እንስፋው፤ ገንዘቡ እዚሁ በመካከላችን ይዙር።

ብቻ፣ እናቶቼ፣ ከመሰፋቱ በፊት እናጥበዋለን።