ጉልበትና ቀለበት፦ የውርወራ ልምምድና የአካል ብቃት በቅርጫት ኳስ

የቅርጫት ኳስ ውርወራ ከእጅ የሚወጣ ይምሰል እንጂ የሚጀምረው ከጉልበት ነው። አማርኛ ለመገጣጠሚያውም ለኃይሉም አንድ ቃል መስጠቱ ለዚህ ርዕስ ያመቻል። ጉልበት ያለቀበት ተጫዋች ጉልበቱ አይታጠፍለትም፤ ጉልበቱ ያልታጠፈለት ደግሞ ኳሷን ቀለበቱ ዘንድ ለማድረስ ትከሻውን ይለምናል። ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና ለወጣት አሠልጣኞች ሥልጠና መዝጊያ የተዘጋጀው ይህ ዲስኩር ሁለት ነገሮችን ያነሣል፤ ውርወራ እንዴት እንደሚለመድና አካል ለጨዋታው እንዴት እንደሚዘጋጅ። በሳምንቱ ውስጥ ስለ ደንብና ስለ ዳኝነት የተባለው ሁሉ እዚህ አይደገምም። የሚደገመው የቀለበቱ ልክ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና።

ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ይላል። ይህን ቁመት ሊቅ ተመራምሮ አልደረሰበትም። ጄምስ ናይስሚዝ በታኅሣሥ 1891 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን ሲጀምር፣ ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶችን በስፖርት አዳራሹ ሰገነት ላይ ቸነከረ። ሰገነቱ 10 ጫማ ከፍታ ነበረው፤ ልኩም በዚያው ጸና። የቀለበቱ የውስጥ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የወንዶች ኳስ ስፋት ደግሞ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ኳሶች ጎን ለጎን ሆነው በቀለበቱ ለማለፍ የሚጎድላቸው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን የሚሰማ ጀማሪ ብዙ ጊዜ አያምንም። ከነጻ ውርወራው መስመር ላይ ሆኖ ሲያየው ቀለበቱ የሲኒ አፍ ያህል ይጠብበታልና።

ሲኒ ከተነሣ አይቀር፣ የማዕዘንን ነገር እንደ ሲኒ የሚያስረዳ የለም። ሲኒ ከአናቱ ሲታይ አፉ ክብ ነው፤ ዐይን ዝቅ እያለ ሲሄድ አፉ እንቁላል ይመስላል፣ ከጠርዙ ትይዩ ሲታይ ደግሞ መስመር ብቻ ይሆናል። ኳሷም ቀለበቱን የምታገኘው እንደዚሁ ነው። ቀጥ ብላ ከላይ ብትወርድ 45 ሴንቲ ሜትሩ በሙሉ ይከፈትላታል። በ45 ዲግሪ ስትገባ በርዝመቱ የሚቀርላት 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ30 ዲግሪ ስትመጣ 22.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነች ኳስ ብረቱን ሳትነካ ልትገባ አትችልም። ዝቅ ብሎ የሚወረወር ኳስ የሚሳተው በዕድል ማነስ ሳይሆን በስፋት ማነስ ነው። እጅግ ከፍ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም፤ ረጅም መንገድ የምትሄድ ኳስ ብዙ ኃይል ትፈልጋለች፣ በኃይሉ ላይ የሚደረግ ትንሽ ስሕተትም ይበዛል። በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች በ2008 ባሳተሙት ስሌት፣ ለነጻ ውርወራ የሚበጀው መልቀቂያ ወደ 52 ዲግሪ የተጠጋ ሆኖ ኳሷ ወደ ኋላ በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል ስትሽከረከር ነው። የኋልዮሽ መሽከርከሩ ጥቅም አለው። ብረቱን ወይም ሰሌዳውን ስትነካ ፍጥነቷን ይሰብርና ወደ መረቡ ይመልሳታል።

ይህን ማዕዘን የሚሠራው መላው አካል ነው። ኃይሉ ከእግር ጣት ይነሣል፤ በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበትና በዳሌ አልፎ ወደ ትከሻ ይወጣል፤ በክርን ይዘረጋል፤ በእጅ አንጓ መታጠፍ ያልቅና በጠቋሚና በመሐል ጣት ጫፍ ከኳሷ ይለያል። ሁለተኛው እጅ ደጋፊ ብቻ ነው፤ ኳሷን ከገፋ ወደ ጎን ያስታል። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚደክመው እግር ነው። የደከመ ተጫዋች ኳስ የቀለበቱን የፊት ጠርዝ መምታት የሚያዘወትረው ለዚህ ነው። አሠልጣኝ ከዳር ቆሞ የተጫዋቹን ድካም ለማወቅ ትንፋሹን መቁጠር አያስፈልገውም፤ ኳሷ የቀለበቱን ፊት ደጋግማ ስትነካ ማየት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ልምምዱ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚታየው ሥዕል አንድ ነው። ሲሚንቶው የተሰነጠቀ ሜዳ፣ መረቡ ካለቀ የቆየ ቀለበት። አንድ ልጅ ከነጻ ውርወራው መስመር ላይ ቆሟል፤ ጓደኛው ከቀለበቱ ሥር ሆኖ ኳሷን ይመልስለታል። የመጀመሪያው ውርወራ ያጥራል። ሁለተኛው ይረዝማል። ሦስተኛው ብረቱን ዞሮ ይወጣል። ከአራተኛው ጀምሮ እጁ መንገዱን ያገኝና እስከ ዐሥረኛው አንድ ብቻ ይስታል። ልጁ ከዐሥር ስድስት አገባሁ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ችግሩ በጨዋታ ላይ አራተኛና አምስተኛ ውርወራ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ፋውል የተሠራበት ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ነው፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ከአንድ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ይወረውራል። ጨዋታው የሚጠይቀው እነዚያን ልጁ የሳታቸውን የመጀመሪያዎቹን ውርወራዎች ነው።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር የሚሆነው ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ውጭ የተደረገ አንድ ሙከራ ነው። ኬርና ቡዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ የ8 ዓመት ልጆች ትንሽ የባቄላ ከረጢት ዒላማ ላይ እንዲጥሉ ተደረገ። አንደኛው ቡድን ሁልጊዜ ከ3 ጫማ ርቀት ተለማመደ። ሁለተኛው ከ2 እና ከ4 ጫማ እየቀያየረ ሲለማመድ፣ 3 ጫማውን አንድ ጊዜም አልሞከረውም። ፈተናው ከ3 ጫማ ሆነ። የተሻለው ያንን ርቀት አንድ ጊዜም ያልሞከረው ቡድን ነበር። ከአድማጮች መካከል የሚጠራጠር ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገሩ ሲሰማ ተገላቢጦሽ ይመስላልና። ምክንያቱ ግን ከዕለት ሥራ ሩቅ አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ ምጣድ የምትጋግር ያንን ምጣድ ታውቃለች፤ ምጣዱም እሳቱም እየተቀያየረባት የጋገረች ግን መጋገርን ታውቃለች። ርቀቱ በተለወጠ ቁጥር አእምሮ ምን ያህል ኃይል እንደሚበቃ አዲስ ሒሳብ ይሠራል። በአንድ ቦታ ሲደጋገም የቀደመውን መልስ ይገለብጣል።

ይሁን እንጂ ነጻ ውርወራ ለብቻው ጠባይ አለው። በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት ልምድ ያላቸውን ተጫዋቾች ከተለያየ ርቀት እያስወረወረ መዘነ። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚገባው ቁጥር ቀነሰ፤ ከነጻ ውርወራው መስመር ላይ ግን ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቦታዎች አንጻር ከሚጠበቀው በላይ አገቡ። በሺህ የሚቆጠር ድግግሞሽ ለዚያች አንዲት ቦታ የተለየ ትዝታ አኑሮላቸዋል። እንግዲህ መስመሩ ድግግሞሽን ይፈልጋል፣ የቀረው ሜዳ መቀያየርን። ድግግሞሹም ቢሆን በሃምሳ ተከታታይ ውርወራ ሳይሆን ሁለት ሁለት እየተባለ፣ በመካከሉ ሌላ ሥራ እየገባበት ቢሆን ከጨዋታው ጋር ይገጥማል።

ዐይንም የልምምዱ ክፍል ነው። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ቪከርስ በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ጎበዝ ነጻ ወርዋሪዎች ከመወርወራቸው በፊት ዐይናቸውን በቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ወደ አንድ ሰከንድ ለሚጠጋ ጊዜ ተክለው ይቆያሉ፤ ደካሞቹ ግን ዐይናቸው ይቅበዘበዛል። ሁለት ጊዜ ማንጠር፣ አንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ ዐይንን መትከል የሚባለው ሥርዓት ከንቱ ልማድ አይደለም።

እዚህ ላይ የዊልት ቻምበርሌይን ታሪክ ሳይነሣ አይታለፍም፤ ሰዓቱ ቢጠብም። በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ የተጫወተው ቻምበርሌይን ግዙፍና ብርቱ ሲሆን በነጻ ውርወራ ግን ዕድሜውን ሙሉ ተሠቃይቷል። በ1961–62 የውድድር ዘመን ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ ከጉልበቱ መካከል ወደ ላይ መወርወር ያዘ። በዚያ ዓመት ከመቶ 61 ያህሉን አገባ፤ ለእርሱ ከፍተኛው ነበር። መጋቢት 2 ቀን 1962 በፔንስልቬኒያ፣ ሄርሺ ከተማ 100 ነጥብ ባስቆጠረበት ጨዋታ ከ32 ነጻ ውርወራ 28 አስገባ። ከዚያ በኋላ አወራወሩን ተወው። ምክንያቱን ራሱ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ አልደበቀም፤ ሰው ፊት እንደዚያ መወርወር አሳፍሮት ነበር። የዕድሜ ልክ ውጤቱ ከመቶ 51 ላይ ቀረ። ሌላው ተጫዋች ሪክ ባሪ ግን በዚያው አወራወር ጸንቶ በኤንቢኤ ከመቶ 89 በላይ አገባ። የታሪኩ ትምህርት ሁሉም ሰው ከታች ይወርውር አይደለም። ልማድን የሚያጸናው ውጤት ብቻ እንዳልሆነ፣ ይሉኝታም እንደሚገባበት ያሳያል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ አወራወር የሚያርም አሠልጣኝ የሚታገለው ከክንዱ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከሚያዩት ጓደኞቹ ጋርም ነው። እርማቱ ከጓደኞቹ ዐይን ርቆ ቢጀመር ይቀላል።

ከርዕሱ ግማሽ የሆነው የአካል ብቃት የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ደግነቱ ዋና ዋናው ነገር አጭር ነው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ጨዋታ 4 ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ አንድ ማጥቃት ከ24 ሰከንድ አይበልጥም። በ1995 በአውስትራሊያ ሊግ ተጫዋቾች ላይ የታተመ ጥናት አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ 1000 ያህል ጊዜ እንቅስቃሴውን እንደሚለውጥ ቆጥሯል፤ በአማካይ በየ2 ሰከንዱ ማለት ነው። ይቆማል፣ ይሮጣል፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ይዘላል። ስለዚህ በረጅም ርቀት ሯጮች አገር የተለመደው የማለዳ ረጅም ሩጫ መሠረት ይጥል እንደሆነ እንጂ ጨዋታውን አይመስልም። የሚመስለው አጭር ፍጥነት፣ አጭር ዕረፍት፣ እንደገና ፍጥነት ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ከቆላ የመጣ ተጫዋች በመካከሉ ለማገገም ረዘም ያለ ጊዜ እንዲሰጠው ያስፈልጋል።

ለጥንካሬ ቁጭ ብድግ፣ በአንድ እግር መውረድና መነሣት፣ የጀርባና የሆድ ጡንቻ ሥራ ይበቃሉ፤ ውድ መሣሪያ ግድ አይደለም። መዝለልን ከማስተማር በፊት ማረፍ ይቀድማል። እግር መሬት ሲነካ ጉልበት ለስለስ ብሎ ይታጠፍ፣ ወደ ውስጥም አይግባ። የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ በብዙ እጥፍ ስለሚበዛ፣ ሴቶችን የሚያሠለጥን ሰው ይህን ከማሟሟቂያው ጋር በየቀኑ ማሠራት አለበት። እንቅልፍም ልምምድ ነው። በ2011 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ተጫዋቾች ለሳምንታት በየሌሊቱ 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ የነጻ ውርወራቸው ውጤት በ9 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል።

ሁለቱ ግማሾች በአንድ ልምምድ ይገናኛሉ። ተጫዋቹ ከመስመር እስከ መስመር ሁለት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፤ ሁለት ነጻ ውርወራ ይወረውራል፤ ሌላ ሩጫ፣ ከዚያ ከሌላ ቦታ አንድ ውርወራ። ስድስት ዙር ሲሞላ ያረፈው ልጅ በዐሥር ውርወራ ያላሳየውን ያሳያል። መዝገብ የሚይዘው ሰው የገባውን ብቻ ሳይሆን ያጠረውንም ለይቶ ይጻፍ። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ያጠረው ከበዛ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ የእግር ነው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የወጣው ከበዛ ደግሞ የክርንና የደጋፊው እጅ ነው።